የአንድ ቀን ጣሪያ

ሱጊያ እህቴ፣

ትናንት በመንደሬ ድምፅ ሰጠሁ። ምርጫ ጣቢያው ያ ጣሪያው ልጄ ፉልማኒ ላይ ወድቆ የገደላት ትምህርት ቤት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆቹ ዛፍ ሥር ሲማሩ ቆርቆሮ የለም ይሉን ነበር፤ ለምርጫው ግን በሦስት ቀን አለበሱት። የፓርቲው ሰው በር ላይ ቆሞ "ግቢ እትዬ፣ አሁንማ ዝሆን ቢቆምበትም አይወድቅም!" ብሎ ሳቀብኝ።

ዛሬ ጠዋት ያው ሰውዬና ጓደኞቹ ቆርቆሮውን ሊነቅሉ መሰላል ይዘው መጡ።

"የኪራይ ነው እኮ እትዬ።"

"ልጆቹስ?"

"እስቲ መጀመሪያ ውጤቱ ይምጣ።"

ከቆርቆሮው ሥር ተቀመጥኩ። ውጤቱ ሐሙስ ነው። ማንም ያሸንፍ፣ ቆርቆሮውን የሚፈልግ መጀመሪያ እኔን ያንሳኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ልጆችሽን ሳሚልኝ። እዚያ ራንቺ ከተማ ትምህርት ቤት ስታደርሻቸው ቀና ብለሽ ጣሪያውን እዪልኝ።

ቡድኒ