በሽቦ የፈተግኩት ባልዲሽ

ለውዷ ባለቤቴ ለዘነበች፣

ከተለየሽኝ ዓመት ሞላ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ አትሳቂ። እዚሁ በሰው አገር፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ የማታ ትምህርት ገብቼ ማንበብና መጻፍ ተምሬያለሁ። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። አራት ነበርን፤ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

ቤታችን ደህና ነው። መኪናሽን ልጃችን ሳራ ትነዳዋለች። ፓርክ ስታደርግ ልክ እንዳንቺ መስመሩ ላይ ነው።

ዋናው ወሬ ጠላው ነው። ለሙት ዓመትሽ የተገዛ መጠጥ ቤታችን አይገባም፣ እኔ ራሴ እጠምቃለሁ ብዬ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በሰው ፊት ፎከርኩ። ስትጠምቂ ስንት ዓመት አጠገብሽ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፤ ማየት መሥራት መስሎኝ። ያንን ባለክዳን ነጭ የፕላስቲክ ባልዲሽን አወጣሁና እንደ ድስት በሽቦ ፈተግኩት። ጌሾና ብቅሉን ጠነሰስኩ፣ እንኩሮውን ጨመርኩ። ከዚያ ቤት ለመጣ ሁሉ ክዳኑን እየከፈትኩ "እስቲ አሽትቱ!" ማለት ሆነ ሥራዬ።

ትንሽ ቆይቶ ላዩ ላይ ነጭ ስስ ቆዳ ያዘ፣ እንደ ወተት ስልባቦት የተሸበሸበ። አረፋ መስሎኝ ኮራሁ። ግሌንዴል ሰፈር የሚኖሩት ወዳጅሽ እትዬ አስካለ መጥተው አዩና "አረፋማ ይፈነዳል፤ ይሄ ተለጥፏል" አሉ። በጣሳ ቀድተው ሲያንቆረቁሩት እንደ ተልባ ተዝለገለገ። ሽታውም የጌሾ ሳይሆን አፍንጫ የሚወጋ የሆምጣጤ ሽታ ነው። "ታደሰ፣ ይሄንን ሰላጣ ላይ አፍስሰው" አሉኝ። ሳራ አፍንጫዋን ይዛ "ዳድ፣ ግሮስ!" አለች፤ አባዬ ያስጠላል ማለቷ ነው።

ደፋሁት። ሙት ዓመትሽ ቀርቧል፣ ጠላ የለም፣ አፌ ግን ቀድሞ ሄዷል።

ሳራ ባልዲውን አጥባ በጥፍሯ ውስጡን ዳሰስ ስታደርገው ጭረት በጭረት ነው። የኔ ሽቦ ሥራ! ጀርሙ እዚያ ጭረት ውስጥ ተደብቆ እጥበት አይደርስበትም አለችኝ። ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር ደግሞ አየሩም ትንኙም ይገባል። ያኔ ትዝ አልሽኝ፤ ያንን ባልዲ በመዳፍሽና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ስታጥቢው። "ሕፃን ነው እንዴ የምታጥቢው?" እያልኩ እቀልድብሽ ነበር። አንቺ ግን ቀስ ብለሽ ታጥቢያለሽ።

አዲስ ባልዲ ገዛሁ። በጨርቅ አጠብኩት፤ ለቢራ ጠማቂዎች የሚሸጠውን የጀርም ማጥፊያ በውሃ በጥብጬ ባልዲውንም ማማሰያውንም ጣሳውንም አለቀለቅኩበት። እንደገና ጠነሰስኩና ጋዙ የሚወጣበትን ትንሽ ቱቦ ክዳኑ ላይ ሰክቼ ገጠምኩት። ከዚያ በኋላ ለማንም ከፍቼ አላሳየሁም። ታውቂኛለሽ፤ ይሄ ፊደል ከመቁጠር የባሰ ከብዶኝ ነበር።

በሙት ዓመትሽ ቀን ጠላው ጠርቶ ተቀዳ፣ የጌሾው ሽታ ገና ከበር ይቀበላል። እትዬ አስካለ ጠጡ፣ ደግመው አስቀዱ። ሰው ሁሉ ፉከራዬን ባለማመን "እውነት ማን ጠመቀው?" ይላል። ከፎከርኩ ጀምሮ የጠበቅኩት ጥያቄ ነው። አፌን ከፈትኩና "የዘነበች ነው" አልኩ።

ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፤ እኔ ነኝ የጠመቅኩት፣ ግሩም ነበር።

የፈተግኩትን ባልዲሽን አልጣልኩትም፤ በረንዳው ላይ ቃሪያ ተክዬበታለሁ። አዲሱን ደግሞ ባጠብኩ ቁጥር፣ ቀስ ብዬ በመዳፌ፣ አስታውስሻለሁ።

ባልሽ ታደሰ
በገዛ እጁ የጻፈው