በየሰኞው በስሜ ስለሚያዙት አምስት የፊዚክስ መጻሕፍት

ለተከበሩ ርዕሰ መምህር፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ ቀጥዬም መጽሐፍ የማስያዙን ሥራ ከሰው እጅ የተረከበውን የአዲሱን ኮምፒውተርዎን ጤና እጠይቃለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ ከሁለት ዓመት በፊት ጡረታ የወጣሁት እኔ ደህና ነኝ። በየሰኞው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኾ፣ ያስያዝኋቸው አምስት የፊዚክስ መልመጃ መጻሕፍት ተዘጋጅተው እየጠበቁኝ መሆኑን ያበስረኛል። ልጆቼም እንኳ በዚህ ትጋት አይደውሉልኝም።

ምስጋናዬ በቁጥር እነሆ፤

፩ኛ. ስላልረሳችሁኝ አመሰግናለሁ። ስሰናበት ያበረከታችሁልኝ የግድግዳ ሰዓት በሦስተኛው ወር ቆሟል። ኮምፒውተሩ ግን የድሮውን የማስያዣ ዝርዝር እንዳለ ተረክቦ፣ መጻሕፍቱን ሳልወስድ ሳምንቱ ባለቀ ቁጥር መልሶ በስሜ ሲያስይዛቸው አንድም ሰኞ አልሳተም።

፪ኛ. ለቤተሰቤ ስለሰጣችሁት ቅድሚያ አመሰግናለሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ያለው አምስት ቅጂ ብቻ ነው። የልጄ ልጅ ከሦስት ሳምንት በኋላ የመልቀቂያ ፈተና ትቀመጣለች፤ ለዚሁ መጽሐፍ ተመዝግባ አርባ አንደኛ ሆናለች። ከፊቷ አርባ ተማሪዎች አሉ፤ ከሁሉም ፊት አያቷ ተገትሯል። እራት ላይ፣ ፈገግ ሳትል፣ አባባ እባክህ ከወረፋው ውጣልን ብላኛለች።

፫ኛ. ለመውጣት ሞክሬ ነበር። ድሮ በእርሳስ አንድ ጊዜ ጫር አድርጋ ትሰርዝልኝ የነበረችው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ጋሼ፣ መምህር ያስያዘውን የሚሰርዘው መምህሩ ራሱ ነው፣ እርስዎ ደግሞ አሁን መምህር አይደሉም አለችኝ። ታዲያ መጽሐፉን የያዘው ማን ነው ብላት፣ መምህሩ ነዋ አለች። እሷ ላይ አልፈርድም፤ ይህን ስትል እያፈረች ነበር።

፬ኛ. ለቢሮዎ ያስገባሁት ማመልከቻ በአሥረኛው ቀን «በሲስተሙ በኩል ይቅረብ» የሚል ማህተም ተመትቶበት ተመልሶልኛል። የማህተሙ ቀለም ግሩም ነው።

አማራጭ ሳጣ ባለፈው ሰኞ ኮምፒውተሩ ያለኝን አደረግሁ፤ ሄጄ፣ ፈርሜ፣ አምስቱንም ወሰድሁ። አሁን መጻሕፍቱ ሳሎኔ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። የተማሪዎቹን ወረፋ እንዳለ በደብተር ገልብጫለሁ። አንድ ልጅ ለሁለት ቀን ይወስዳል፣ ሲመልስ ስሙን በእርሳስ እሰርዛለሁ፣ ቀጣዩ በር ላይ ይጠብቃል። በዚህ አካሄድ የልጄ ልጅ ተራ የሚደርሰው ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ነው። ላስቀድማት ባለመፍቀዴ አኩርፋኛለች፤ ግን ደብተሩን የምትይዝልኝ እሷው ናት።

ሥራዬን እንደገና እንድጀምር ስላደረጉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ከጡረተኞች ሁሉ ይልቅ የሚታወሰው አክባሪዎ፣
የቀድሞው የፊዚክስ መምህር

ማሳሰቢያ፦ ልጅዎን ከወረፋው እንዳስቀድምልዎ ትናንት በጥበቃው በኩል የላኩት ማስታወሻ ደርሶኛል። ጥያቄዎ በሲስተሙ በኩል ይቅረብ። ሲስተሙ ደብተሩ ነው፤ ልጅዎም አርባ ሁለተኛ ነው። ማህተም ስለሌለኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ።