ፉፉ በሹካ

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3

አጎቴ ሱቅ ዋልኩ። ሙቀት፣ አቧራ... ሦስት ሰው ገባ። አንዱ ፎቶ ኮፒ ፈልጎ፣ ሁለቱ ጥላ ፈልገው።

የአጎቴ ፍሬምፖንግ ፕሪንተር ቀለም ጨረሰ። እንደ ልማዱ አዲስ የቀለም ቋት፣ ካርትሪጅ፣ እንድገዛ አዱም ገበያ ላከኝ። ዋጋውን ስሰማ ሻጩን «ፕሪንተሩንም ጨምረህ ነው?» አልኩት። ሳቀና ከጠረጴዛው ሥር የቀለም ጠርሙሶችና ሲሪንጅ አወጣ። «እህቴ፣ ባዶውን አትጣይው፣ ሙይው። በአንድ ካርትሪጅ ዋጋ ዓመት ትከርሚያለሽ።»

ገዛሁ! በራሴ ገንዘብ። አጎቴ የላከኝንም ገዛሁለት... ምን ላድርግ።

ሲሪንጁን አይቶ «ክሊኒክ ልትከፍቺ ነው?» አለኝ። «እኔ ስንት ዘመን በዚህ ሥራ ስኖር እጄን ቀለም ነክቶት አያውቅም። ኦሪጅናል የምልሽ ለዚህ ነው።» እጁን እንደ ሙሽራ ዘርግቶ አሳየኝ። ኤጭ!

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

ጉድ! አፌን ምን ነካው?

ስለ ቤተሰባችን ትልቅ እናት ስለ ናና አቺያ ቀብር ሊመክር ቤተሰቡ ተሰብስቦ ነበር። ዘጠና ሰባት ዓመት ኖረው ነው ያረፉት። እንዲህ ለጠገበ ዕድሜ ነጭ ለብሰን እንጨፍራለን እንጂ ማን ያለቅሳል? ለቀብሩ እንግዳ የሚታደለውን የሕይወት ታሪካቸውን መጽሔት አጎቴ ያትመው ተባለ። ዋጋውን ሲናገር ታናሽ እህታቸው ናና ቢራጎ «በዚህ ዋጋ እኔንም አብራችሁ ቅበሩኝ፣ ወጪው አንድ ይሁን» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እኔም... «በግማሽ ዋጋ እሠራዋለሁ፣ ራሴ በምሞላው ቀለም» አልኩ። ማን ጠየቀኝ?

አጎቴ ብድግ አለ። «ፎቶአቸው ሳይበላሽ ከወጣ፣ ሁላችሁም ፊት ፉፉ በሹካ እበላለሁ!»

ጩኸት! ፉፉ እኮ በጣት ተቆርሶ የሚበላ የካሳቫ ገንፎ ነው... በሹካ! ሰው ከዚያ በኋላ በምን ፊቱ ኩማሲ ውስጥ ይዞራል?

«ከተበላሸስ?» አሉ ናና ቢራጎ።

«ሲሪንጁን ጥላ እኔ ሱቅ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። የራሴን ሱቅ ልክፈት የሚባል ወሬ ዳግመኛ አልሰማም።»

እሺ አልኩ። የራሴ ሱቅ!

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9

ሞላሁት! አጎቴ አሮጌውን ፕሪንተር ጥግ ላይ ለቆልኛል። የካርትሪጁ ሦስት ቀዳዳዎች፣ ለየቀለሙ አንድ፣ ከላዩ ከተለጠፈው ወረቀት ሥር ናቸው። ቀስ ካሉት ይጠጣል፣ ከቸኮሉ መልሶ ይተፋል። ተፋብኝም።

ማሽኑ ግን «ቀለም የለም» ይላል። ሞልቼልሃለሁ እኮ! የለም። ቁርጥ አጎቴን! ሻጩ እንደነገረኝ ቁልፉን ተጭኜ ቆየሁ... እና ታተመ! ብቻዬን ጨፈርኩ።

ጣቶቼ ሰማያዊ ሆነዋል። ሳሙናም ሎሚም አልበገራቸውም። ቤተ ክርስቲያን ሁሉም ሲያጨበጭብ እኔ እጄን ከቦርሳዬ ሥር ደብቄ ዘመርኩ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 18

ወይኔ! መብራት ጠፋ። እኔ ደግሞ ችኩል... በስልክ ብርሃን ሞላሁ። ቀዩን ቢጫው ቀዳዳ ውስጥ! መብራት ሲመጣ ናና አቺያ ቲማቲም መስለው ወጡ። ነጭ ልብሳቸው ሮዝ።

በቀይ! ቀይ እኮ ያለ ዕድሜው ለተቀጨ ነው። እሳቸውን በቀይ ብሸኝ ሰው «ማን ገደላቸው?» ነው የሚለው።

አጎቴ ገባ። ምን ላድርግ? ወረቀቱ ላይ ተቀመጥኩበት።

«ምን ሆነሻል?»

«ደክሞኝ ነው።»

«ተነሺ፣ ልዘጋ ነው።»

ተነሳሁ። ቀለሙ ለካ አልደረቀም። ናና አቺያ መቀመጫዬ ላይ ተለጥፈው አብረውኝ ተነሱ።

«ዱፊ፣ ናና ከኋላሽ እየተከተሉሽ ነው!» እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «በቃ፣ ወንበርሽን እወለውልልሻለሁ።»

ሲወጣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ሳቅሁ። ሱቄስ?

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 19

ካርትሪጁን በለብታ ውሃ አጠብኩት፣ በሲሪንጅ መጠጥኩ፣ ደግሜ አጠብኩ... ውሃው እስኪጠራ። አደረቅሁት። በየቀዳዳው የጥርስ እንጨት ከትቼ ቀለሙን እያየሁ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ደጅ ቁጭ ብዬ ሞላሁ። መንገደኛው ሁሉ ነርስ አድርጎኛል።

ናና አቺያ ነጭ ለብሰው ወጡ! ያቺ የተንኮል ፈገግታቸው ሳትቀር። እልልልል!

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 21

አለቀ፣ ታጠፈ፣ ተሰፋ። ጠርሙሱ ገና ግማሽ ነው!

አጎቴ መነጽሩን አድርጎ እያንዳንዱን ገጽ ገለበጠ። አሸተተውም።

ሲሪንጄን ግን አጣሁት። የት ጣልኩት?

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 23

ሆዴን ያመኛል፣ ከሳቅ ብዛት።

ትናንት ቀብሩ አማረ። ሰው መጽሔቱን እያየ «ናና ሊናገሩ ነው እኮ!» ይል ነበር። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያኑ ምስጋና በኋላ ምሳ ቀረበ። ናና ቢራጎ ሹካዋን ከቦርሳቸው አወጡ። አጎቴ ይሟገታል ብዬ ስጠብቅ ላጥ አድርጎ ተቀበላቸው። እጁን ከእጀታዋ ጋር በመሐረብ ጠቅልሎ ያዘ። የእጅ ውሃ ሲዞር «አያስፈልገኝም፣ በሹካ ነው» አለ።

ፉፉው ይሾልካል፣ ያሳድደዋል፣ ሾርባው ነጭ ልብሱ ላይ ጠብ... ስልክ ያለው ሁሉ ይቀርጻል።

ናና ቢራጎ አሳዘናቸው። «በቃ ምሬሃለሁ፣ ታጥበህ በእጅህ ብላ።»

«አይሆንም፣ ቃል ቃል ነው!»

አጎቴ? ምሕረት እምቢ ያለው? ናና ቢራጎ ተጠራጠሩና መሐረቡን መነጨቁት።

ጣቶቹ እስከ ጥፍራቸው ሰማያዊ!

«ሲሪንጄ!» ብዬ ጮህኩ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 24

ናና ቢራጎ ጠዋት ጠርተውኝ ለመጽሔቱ ከተያዘው የተረፈውን ገንዘብ እጄ ላይ አስቀመጡ። ቤተሰቡ ተስማምቷል። «ያንቺ ቀለም ያተረፈው ነው፣ ሱቅሽን ክፈቺበት» አሉ። ከሰፈራችን ፀጉር ቤት አጠገብ ያለችውን ኪዮስክ ወዲያው ያዝኩ። የራሴ! ቁልፏን እስካሁን ጨብጫታለሁ።

ዕቃዬን ልወስድ አጎቴ ጋ ሄድኩ። እኔን ሊያስቀምጥበት በዛተው ወንበር ላይ ራሱ ተቀምጧል። በአንድ እጁ ካርትሪጅ፣ በአንድ እጁ ሲሪንጄ። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ዱፊ... ቢጫው የትኛው ቀዳዳ ነው?»