የመጀመሪያዋ ደዋይ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ዓይን ኤል ረማነህ

ልጄ በዚህ በዓረብ አገር ያሉ የሐበሻ ባለሙያዎችን ከደንበኛ የሚያገናኘውን ድረ ገጽ ከከፈተችልኝ ወዲህ ዛሬ ገና ስልክ ተደወለ። ደዋይዋ የፀጉር ሠሪዋን የዘይነብን ቤት ጠየቀችኝ። ደንበኛ መጣ ብዬ በደስታ ሀደት ሰፈር ያለውን ሕንፃ እስከ ፎቁ ነገርኳት። ሴትዮዋ ዋጋ እንኳ አልጠየቀችም።

ከቀትር በኋላ ዘይነብ ሻንጣዋን ይዛ መጣች።

«ቤቷ ስሠራ ጥያት የጠፋሁት ማዳሜ ፖሊስ ይዛ በሬ ላይ ቆመች! በጓሮ ደረጃ አመለጥኩ። ማስታወቂያዎ ሠርቷል፣ እትዬ!» ብላ ሳቀች።

አድራሻዋን እንዳልጽፍ ለምናኝ ነበር። አልጻፍኩም፤ በአፌ ተናገርኩት።

«ያኒ፣ ማለቴ አድራሻዬ እንኳ እዚያ የለም፣ ማን ጠቆማት?» አለች ጫማዋን እያወለቀች። «ኸላስ፣ በቃ፣ እርስዎ ባይኖሩ የት እገባ ነበር?»

አልጋዬን ለቀቅኩላት። ጠቋሚዋ እኔ መሆኔን ግን እስካሁን አልነገርኳትም…