ያልተበሳ ቀበቶ

መርሳ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሲቲ ሙሄዲን
አዳማ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የአባትሽ ሰላምታ ከነመርሳ አቧራው ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? መድኃኒት ቤቱስ? እናትሽ «ቆማ ነው የምትውለው፣ እግሯን ያማታል» እያለች በነጋ በጠባ ትጨቀጭቀኛለች፤ እኔ ወንበር የምልክ ይመስል። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ትከሻዬ ብቻ መዶሻ ባነሳሁ ቁጥር ያዝ ያደርገኛል። ገበያውም ቀዝቅዟል። የቻይናውን ቀበቶ በየመንገዱ ዘርግተውታል፤ ያብረቀርቃል፣ ክረምት ሲገባ ይላጣል፣ ሰዉም ሌላ ይገዛል። መናገሩ ራሱ አድክሞኛል።

አባ ደብዳቤ ምን አስጻፋቸው ትይ ይሆናል። ስልክ ስትደውይ እኔ «እሺ» ብቻ ነው የምለው። «እሺ ሲቲዬ፣ እሺ ልጄ» ብዬ እዘጋለሁ፣ ከዚያ ያላልኩትን ሁሉ ለቆዳው ስነግረው እውላለሁ። ወረቀት ላይ የሚያቋርጠኝ የለም፤ ኔትወርኩም አይጠፋብኝም። ደብዳቤውን የአዳማውን መኪና ለሚነዳው ለማሩ ከአንድ ጥቅል ጋር እሰጠዋለሁ። ጥቅሉን ለመፍታት አትቸኩዪ፤ መጀመሪያ ይህን አንብቢ።

ባለፈው ሐሙስ የሙስዐብ ሽማግሌዎች አንቺን ሊጠይቁ ወልድያ መጥተው ነበር። አንቺ እንዳልሽው ነው የሆነው። «አባቴ ግራና የሚኖር ገበሬ ነው፣ ታሞ አልጋ ላይ ውሏል፣ ያሳደገኝ አጎቴ ሚስባህ ነው» ብለሻቸው የለ፤ እነሱም የሄዱት ሚስባህ ቤት ነው። ይህን ለእናትሽ በስልክ ስትነግሪያት የስልኩን ድምፅ ከፍታው ነበር። «እማ፣ ደጃፉ ላይ ቆዳ ተወጥሮ፣ ቤቱ እንደዚያ እየሸተተ እንዴት አድርጌ ነው የሰው ሽማግሌ የማስመጣው?» ስትያት አጠገቧ ተቀምጬ ቀበቶ እሰፋ ነበር። መስፋቴን አላቆምኩም፤ ብቻ በኋላ ሳየው ስፌቱ ተጣሞ ስለነበር ፈታሁት።

ተቀይሜሻለሁ ሲቲ። ይህን ሳልጽፍ ባልፈው ደብዳቤው ውሸት ይሆንብኛል። ግን ደግሞ ያሳለፍሽውን አውቃለሁ። ትምህርት ቤት «የፋቂ ልጅ» እያሉ አብረውሽ አንቀመጥም ሲሉሽ፣ የታጠበውን ዩኒፎርምሽን እንደገና ስታጥቢ እኔና እናትሽ እያየን ዝም እንል ነበር። የሙስዐብ አባት ሐጂ ይመር ደግሞ ሐራ ላይ ስም ያላቸው የከብት ነጋዴ ናቸው። ከፋቂ ቤት አናገባም የሚል ሰው ዛሬም አለ፤ ከተማረውም መሃል አለ። ስለዚህ ፈርተሽ ነው እላለሁ እንጂ ንቀሽኝ ነው አልልም። አንዳንድ ቀን ግን እላለሁ።

ወንድሜ ሚስባህ ቆዳውን ትቶ መለዋወጫ ሱቅ ከከፈተ ወዲህ መርሳ ብዙ አይመጣም ነበር። ለዚህ ጉዳይ ግን ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። «ጋሼ፣ በእርስዎ ልጅ እኔ አባት ሆኜ ተቀምጬ እርስዎ ቤትዎ ከዋሉ እህል አይወርድልኝም። የግራና ዘመድ ነው ብዬ አስቀምጥዎታለሁ» አለኝ። ሄድኩ። ጠዋት እጄን በሎሚና በልብስ ሳሙና ስፈትግ እናትሽ ውሃ እያፈሰሰችልኝ «ይበቃል፣ ቆዳህን ልትገፍ ነው» አለችኝ። ዕድሜ ልክ የገባ የግራር ቅርፊት ቀለም በአንድ ጠዋት የት ይሄዳል? ጋቢ ደርቤ እጄን ከሥሩ አደረግሁት። ምግብ ሲቀርብ መታጠብ ስላለ ጾመኛ ነኝ ልል አስቤ ነበር። ውሸት እንዳይሆንብኝ በእውነት ጾሜ ሄድኩ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ሰላምታ ተለዋወጥን፣ እኔ ወደ ጥግ ተቀመጥኩ። ሐጂ ይመር ፊት ለፊቴ ነበሩ። ሽርጥ አገልድመው ከላይ ሰፊ ቀበቶ ታጥቀዋል። ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ። የኔ ሥራ ነው። ስፌቴ ዘለበቱ ጋ ሲደርስ እየጠበበ ይሄዳል፤ ሌላ ሰው እንደዚያ አይሰፋም። ፊታቸውን አላስታወስኩትም፣ እሳቸውም ፊቴን አላስታወሱም፤ ያኔ እሳቸው ጎልማሳ ነበሩ፣ የኔም ጢም ጥቁር ነበር። ቀበቶውን ግን አወቅሁት። ሙስዐብ ሳይወለድ የሠራሁት ቀበቶ ነው፣ ዛሬም አልተጣመመ፣ አልላላ፣ ጠርዙ አልተከፈተ። ያን ሁሉ ሰው መሃል ተቀምጬ ደስ አለኝ።

እንዴት እንደምሠራው ታውቂያለሽ፤ ልጅ ሳለሽ ድንጋዩን የምታቀብዪኝ አንቺ ነበርሽ። ከበሬው ጀርባ ብቻ ነው የምቆርጠው፤ የሆዱ ቆዳ ለዓይን ያምራል እንጂ ይላላል። ካራስኩት በኋላ ድንጋይ አንጠልጥዬበት ጥላ ውስጥ ይከርማል። የሚለጠጥበትን ያህል እኔ ቤት ተለጥጦ ይጨርስ፣ ሰው ወገብ ላይ ሄዶ እንዳይለጠጥ ብዬ ነው። ከዚያ ሞራውን ይጠጣል፣ ጠርዙ በቀንድ ይታሻል፣ ተደርቦ ይሰፋል። ቀዳዳውን ግን ባለቤቱ ፊቴ እስኪቆም አልበሳም። ቀዳዳው ያለቦታው ከሆነ ሰውየው እየጎተተ ያስረዋል፣ የጀርባ ቆዳም ቢሆን ያን ጊዜ ይጣመማል። ይህን ሳልጠብቅ የሸጥኩት ቀበቶ የለም።

ሐጂ ሳያቸው አዩኝ። «ምን ያያሉ?» አሉኝ ፈገግ ብለው።

«ቀበቶዎን ነው። ማሻአላህ» አልኩ።

«ይሄማ የድሮ ሰው ሥራ ነው። መርሳ ገበያ አንድ ቆዳ ሠሪ ነበር። ልጆቼ ከከተማ የሚያመጡልኝ በጋውን አይዘልቅም፤ ይሄ ግን አብሮኝ አረጀ። ለሙስዐብም ለኒካሁ እንዲህ ያለ ባሠራለት ደስታዬ ነበር። ሰውየው ይኖር ይሆን?»

ሚስባህ አየኝ። ሌሎቹም ከመርሳ አጠገብ ከግራና የመጣሁ ዘመድ የተባልኩት እኔ ስለሆንኩ መልሱን ከኔ ጠበቁ። ነኝ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ እውነቴን ነው። ከዚያ ለእናትሽ በስልክ ያወራሽበት ድምፅሽ መጣብኝ። ያ ድምፅ ዩኒፎርምሽን ደግመሽ ስታጥቢ የነበረሽ ድምፅ ነው።

«ሞቷል ይባላል» አልኩ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ ሐጂ፣ ከልባቸው አዝነው። «እንዲህ ያለ ሥራ ትቶ የሄደ ሰው ዱዓ ይገባዋል» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ቤቱ ሙሉ እጁን ዘረጋ።

እኔ ምን ልሁን? ለሞተ ሰው ዱዓ ሲደረግ እጁን ደብቆ የሚቀመጥ ምን ዓይነት ሙስሊም ነው? ከጋቢው ሥር አውጥቼ ዘረጋሁት፤ መዳፌ እንደዚያው ቡናማ ነው፣ ሎሚውም ምንም አልፈየደለት። ቀብሩን አላህ ያስፋለት አሉ፣ አሚን አልኩ። ያብራለት አሉ፣ አሚን አልኩ። ለራሴ ቀብር አሚን ስል መጀመሪያ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነብኝና አቀረቀርኩ። ልጆች ትቶ እንደሆነም አላህ ልጆቹን ይጠብቅለት ሲሉ ከሁሉም ጮክ ብዬ አሚን ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገቡ። ሚስባህ በደንብ ተናገረ፤ ስላንቺ ትንሽ ቢያበዛውም ደስ ብሎኝ ሰማሁት። ሰጥተናል ተባለ፣ ኒካሁም ለጥር ተቀጠረ። መብል ሲቀርብ ጾሜን ይዤ ተቀመጥኩ።

ሲወጡ ሐጂ ሁሉንም እየጨበጡ እኔ ጋ ደረሱ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ገልበጥ አድርገው መዳፌን አዩት፣ አልለቀቁትም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሟቹ ሰውየውን ፊቱ ሳያቆም ቀዳዳ አይበሳም ነበር። እኔንም ገበያ መሃል አቁሞ ‹ሆድዎን አይሳቡ፣ እንደልብዎ ይተንፍሱ› ብሎ ነው የበሳልኝ። የልጄን ማን ይበሳለት ይሆን?» አሉኝ።

«አላህ ያውቃል» አልኩ።

«አዎ፣ አላህ ያውቃል» ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ። ለሚስባህ አልነገርኩትም። ቤት ገብቼ ለእናትሽ ስነግራት ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጥላ ቆየችና «ታዲያ አንተ ሰውዬ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ። ከአረፋ በሬ ተርፎ የከረመ፣ አውጥቼ አውጥቼ ለማንም ሳልቆርጠው የመለስኩት የጀርባ ቆዳ ነበረኝ፤ ድንጋዩ ከወረደለት ሰንብቷል። በማግስቱ እሱን ቆረጥኩት።

ጥቅሉ ውስጥ ያለው እሱ ነው፤ የሙስዐብ ቀበቶ። ለሱሪ እንዲመች ቀጠን አድርጌዋለሁ። ትከሻዬ ስላስቸገረኝ በየመሃሉ እያረፍኩ ነው የሰፋሁት፣ ግን ስፌቱን እዪው፣ አልዋሸም። እንዲህ ያለውን ከእንግዲህ የምደግም አይመስለኝም። መጀመሪያ መጀመሪያ ድርቅ ይላል፣ ታግሦ ይታጠቀው። ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ አይክተተው፤ በዘለበቱ ይስቀለው። ዝናብ ከመታው ፀሐይ ላይ አያስጣው።

ስለ ኒካሁ አትጨነቂ። ለሚስባህ አንቺን የመዳሩን ውክልና ሸሁ ፊት በአፌ ሰጥቼዋለሁ፣ ቃሌንም አላጥፍም። በኔ ምክንያት የሚጎድል ነገር የለም። ታሟል ያልሽውን አባትሽን የሚጠይቅ ቢመጣም ሚስባህ መልስ አያጣም።

ቀበቶው ግን ቀዳዳ የለውም። ረስቼው አይደለም። አዳማ ሊስትሮ ሞልቷል፣ ሚስማር አግሎ ይበሳልሻል፤ ውሎ አድሮ ይቀደዳል እንጂ ለሠርጉ ቀን ይሆናል። እንደዚያ ካደረግሽ ለሙስዐብ የሟች ሥራ ነው በይው፤ አባቱም ዱዓ ያደረጉለት ሰው ነው። ደግሞም ከአዳማ ሐራ የሚሄድ መርሳን ሳይረግጥ አያልፍም። ቤታችን የምታውቂው ቤት ነው። ደጃፉ ላይ ቆዳ ተወጥሯል፣ ይሸታል። እንዲሸትሽ አልፈልግም ነበር፣ ግን ሌላ ቤት የለኝም። ሙስዐብ ፊቴ ቆሞ እንደልቡ ቢተነፍስ ሥራው የአፍታ ነው። ወስፌውን ስዬ መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች፤ እግርሽን ማታ ማታ ሞቅ ባለ ውሃ እጠቢ ብላለች። ሐጂ ይመር ለሟቹ ቀብሩን አላህ ያስፋለት ብለዋል። እኔ ደግሞ ላንቺ ቤትሽን ያስፋልሽ፣ ከባልሽ ጋር ያስረጅሽ፣ ልጆችሽን ስምሽን ደስ ብሏቸው የሚጠሩ ያድርግልሽ። አሚን።

አባትሽ
ሙሄዲን