ፀሐይ የሳመችው ከንፈር

…ባርኔጣው አንድ ብቻ ነበርና እናታችን ካንቺ ራስ ላይ አጠለቀችው። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ማጨዴን ቀጠልኩ። አንቺ ከገብሱ ክምር ጥላ ሥር ሆነሽ ትዘፍኝ ነበር። ዘፈኑ ምን ነበር? ማታ ከንፈሬ…

ይቅር በይኝ ሰብልዬ፣ ሰላምታውን ዘለልኩት። እንዴት ከረምሽ? ጤናሽስ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ማሳከኩ ቀለለልሽ ወይስ ባሰ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። በወረቀት የምጽፍልሽ፣ በስልክ ስናወራ እናታችን ካጠገቤ ስለማትነሳ ነው። እንዳንቺ ኩዌት የምትሠራው ዙሀራ ዕረፍቷን ጨርሳ ልትመለስ ነውና “ኢንሻአላህ በእጇ ነው የምሰጣት” ብላኛለች።

ሰሞኑን ውቂያ ላይ ነበርን። ከንፈሬ እንደገና ውሃ ቋጠረ። እናታችን እንደ ልማዷ ምች ነው ብላ ዳማ ከሴ አሽታ ቀባችኝ። ጎረቤታችን በዛች ደግሞ “ሙሽሪት፣ ከደሳለው ቀድማ ፀሐይ ሳመችሽ እንዴ?” ብላ አውድማውን ሙሉ አሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። ሲስቁ ቁስሉ ይሰነጠቃል።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷን ሙሉሐረግን ጠየቅኋት። በላይኛው ቆዳችን ውስጥ፣ ፀሐይ ስታገኘው ቅርጹ የሚለወጥ ንጥረ ነገር አለ አለችኝ። የተለወጠው ንጥረ ነገር ቆዳን ከበሽታ የሚጠብቁትን ሕዋሳት ያቀዘቅዛቸዋል፤ እነሱ ሲዘናጉ፣ ነርቭ ውስጥ ለዓመታት ያደፈጠው ቫይረስ ከንፈር ላይ ይወጣል። “ታዲያ ጠላት ነው በይኛ” አልኳት። “የለም፣” አለች፣ “ጠባቂዎቹ ጭራሽ ካልበረዱም ቆዳው በገዛ ራሱ ላይ ይነሳል።” ወዲያው ትዝ አልሽኝ። መጋረጃው በማይገለጥ ቤት ስታኪ የምትውይውን አንቺን፣ ሐኪሙ በልኩ ፀሐይ ሙቂ ያለሽ ለዚህ ነው ለካ። አገሬ ገብቼ እስክጠግብ እሞቃለሁ ብለሻል። ልቤ ምን አለ መሰለሽ? ፀሐይዋንም ልትወስድብኝ ነው።

መስከረም ላይ የላክሽውን ፎቶ ለደሳለው አሳየሁት። “ይቺን ልጅ ፀሐይ አታውቃትም እንዴ?” ብሎ ሳቀ። ስልኩን መለሰልኝ፤ ከዚያ እንደገና ተቀበለኝ። እንደገና መቀበሉን ነው ሌት ተቀን የማስበው። ታላቅሽ ነኝ፤ ማፈር ነበረብኝ።

ጥር ላይ ለሠርጌ እመጣለሁ ብለሻል። አትምጪ። ጻፍኩት። ልሰርዘው ነበር፣ ተውኩት። ፋሲካ ላይ ነይ፤ ያኔ አብረን እንሞቃለን፣ ጀርባሽን እኔው እቀባሻለሁ። ጥር ላይ ግን አጠገቤ አትቁሚ። ለእናታችን አሠሪዎቼ ፈቃድ ከለከሉኝ በያት።

እናታችን የምትነግርሽን ሰላምታ ታውቂዋለሽ፤ ሳታለቅስ አትጨርሰውም። ወንድማችን ይሄነው እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሻል። ልጁ ሉሊት ጫማ አምጪልኝ ትላለች፤ ቀይ ይሁን ብላለች። አክስታችን የሻለም ጉልበቷን ቢያማትም ስምሽን ሳትጠራ አትውልም። ደሳለውን ሰላምታ አልጠየቅሁትም።

እህትሽ አልታዬ
መካነ ሰላም
ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይኸውልሽ፣ ወረቀቱን ሳላጥፈው ደሳለው መጣ። ደጅ መቀመጤን እያየ፣ ሰላም ብሎኝ አለፈና እናታችንን “እማማ፣ ሰብሌ የምትመጣበትን ቀን አወቁት?” አላት። ቀኑን ስትነግረው አልሰማሁም። “እስቲ ግባ” አለችው። ገባ። በሩ ተዘጋ።