የዘማች ቤት ዘይት

የካ፣ ኅዳር 12 ቀን 1981 ዓ.ም.

ይድረስ እንደ እናት አዝላ ላሳደገችኝ ታላቅ እህቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ጉልበትሽን የሚቆረጥምሽ ነገር ክረምቱ ሲወጣ ተሻለሽ ወይ? ማሽላውስ ዘንድሮ ያዘላችሁ ወይስ እንደ አምናው አታለላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ አለን። ባለቤቴ ይማም እንደ ድሮው ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተጋድሞ ይውላል፤ ሳሉ ግን አልለቀቀውም። ልጆቹ ያድጋሉ፣ ጫማ ይጨርሳሉ።

የእጅ ጽሑፉ መለወጡን ልጅሽ ረሂማ ገና ፖስታውን ስታይ ነግራሽ ይሆናል። ይህ የኔ ጽሑፍ ነው። መሠረተ ትምህርት ስገባ «በእርጅና ፊደል» ብለሽ የሳቅሽብኝ ትዝ ይልሻል? እስከ ዛሬ ደብዳቤውን ሁሉ የሚጽፍልሽ ልጅሽ ሳልህ ነበር፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ እያሳመረ ይጽፋል። አሁን እሱ ቤት ስለሌለ ራሴ ጻፍኩ። ሞተ እያልኩሽ አይደለም፣ አትደንግጪ። ረሂማ እስከ መጨረሻው ታንብብልሽ፤ ሌላ ሰው ግን እንዳታስነብቢው።

ባለፈው «በዚያች ራሽን አሥር ነፍስ እንዴት ታጠግቢያለሽ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ከሱ ልጀምር፤ ከሱ ስጀምር እጄ ይፈታልኛል።

ቀበሌ ሱቅ የእኛ ተራ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ ማክሰኞ ብቻ ነው። በሌላ ቀን ብትሄጂ ቀና ብሎ የሚያይሽም የለ። የሚሰጡንን ስንዴ ብቻውን አላስፈጭም፤ ግማሽ ማሽላ እቀላቅልበታለሁ። ቂጣው ይከብዳል፣ ሆድ ይይዛል። ክረምት ላይ ልጆቹ ከእንጦጦ ሥር ሳማ ለቅመው ያመጣሉ። እቀቅለዋለሁ፣ እወቅጠዋለሁ፣ የገብስ ዱቄት እነሰንስበታለሁ፤ ከዚያ ጨውና ነጭ ሽንኩርት ብቻ። ትንሿ ልጄ ዘሙሩድ «ይሄ የበግ ምግብ ነው» ብላ ስታለቅስ፣ ሳልህ «ታዲያ በግ ሲወፍር አላየሽም?» እያለ ያጎርሳት ነበር። ዋናው ዘዴ ግን ዘይቱ ነው። ዘይቱን መጀመሪያ አታቁላዪበት። ሽንኩርቱን በውሃ አብስዪና ወጡ ሊወርድ ሲል አንድ ማንኪያ ከላይ ጠብ አድርጊበት። ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፤ አፍንጫ ቀድሞ ይጠግባል፣ ሆድም ይታለላል። ገበታ ከመቅረቡ በፊት ደግሞ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ እፍኝ ንፍሮ አድላለሁ።

ሳልህ ከንፍሮው ግማሹን ለትንንሾቹ ይሰጣል። ስንቴ ተቆጣሁት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ «አንቺ ዘንድ ቢያንስ ይበላል» ብለሽ የላክሽው ልጅ ነውና፣ ሲያካፍል ባየሁ ቁጥር አንቺ የምታዪኝ ይመስለኝ ነበር። በልቷል እህቴ። ከሰባቱ ልጆቼ አንድ ጉርሻ አሳንሼበት አላውቅም። ይህን ብቻ ያለ ሐፍረት እምልልሻለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። በጥቅምት መጨረሻ፣ ማክሰኞ ለት ስንዴውን ተቀበልኩ። ረቡዕ ጠዋት ቤት ውስጥ አንድ እፍኝ ዱቄት አልነበረም። ወፍጮ ቤቱ ታች አስፋልቱ ዳር ነው፤ ሌላ ጊዜ ሳልህና የኔው ሙዘይን አብረው ነው የሚሄዱት፣ አንዱ ሲሸከም አንዱ ቀድሞ ወረፋ ይይዛል። እኩዮች ናቸው፣ ሁለቱም አሥራ ስምንት ሞልቷቸዋል። የዚያን ቀን ግን ሙዘይንን ሆዱን አሞት ነበር። ማለቴ፣ ያመመው መሰለኝ። ተኛ አልኩት። ሳልህ ከረጢቱን ብቻውን ተሸክሞ፣ በሰነፉ ሙዘይን ላይ እየቀለደ ወረደ። እስኪታጠፍ ድረስ በር ላይ ቆሜ አየሁት። ሌላ ጊዜ ቆሜ አላይም ነበር።

አራት ሰዓት ላይ አፈሳ ሆነ። እናንተም ዘንድ ሳይደርስ አይቀርም፤ ለብሔራዊ ውትድርና ጎረምሳ እያሉ ከመንገድ ይለቅማሉ። ካሚዮኑ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነበር የቆመው። ባለወፍጮው አቶ ሀብተወልድ ዱቄቱን ራሳቸው ተሸክመው መጡ፤ ገና ትኩስ ነበር። ልጁ ካሚዮኑ ላይ ሲወጣ እንዲህ በሉልኝ ብሏል አሉኝ፦ «ዱቄቱን አክስቴ ጋ አድርሱልኝ። ሙዘይን ሊያግዘኝ ብሎ እንዳይወርድ ንገሩት።»

ከዚያው ዱቄት ጋገርኩ። ምን ላድርግ፣ ልጆች ይጠብቃሉ። ቂጣውን እንደ ልማዴ አሥር ቦታ ቆርጬው ኖሮ፣ አንዱ ገበታው ላይ ቀረ። ማንም አልነካውም። ይማም ማሠልጠኛው ድረስ ሁለቴ ሄዶ ከበር መለሱት። አሁን ወደ ሰሜን ሄደዋል ይባላል።

በሳምንቱ ቀበሌ ጠርተው የራሽን ካርዳችን ላይ «የዘማች ቤተሰብ» የሚል ማኅተም መቱበት። ወረፋ አልይዝም። ሁለት ጠርሙስ ዘይት በትርፍ ይሰጠኛል። አንድ ልጅ ከሰጠ ቤት ሁለተኛ አንጠይቅም ብለውኛል፤ ሙዘይን አሁን አስፋልቱን በጠራራ ፀሐይ ይሻገራል። ወጤም ተለውጧል። ዘይቱን መጀመሪያ አቁላላበታለሁ።

ባለፈው ሙዘይን ከገበታው ቀና ብሎ ጠየቀኝ፦ «እማ፣ የቀበሌ ሱቁ ፀሐዬ ጎረምሳ ከቤት እንዳታስወጪ ብሎ የነገረሽ መቼ ነው?»

ፀሐዬ ሚዛን ላይ ንፉግ ነው እንጂ ሰውየው ክፉ አይደለም፤ አዝኖ ነው ለሙዘይን ያወራለት። ረቡዕ ማታ፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው አልኩት። ላንቺም የምልሽ ይህንኑ ነው። ሙዘይን ግድግዳው ላይ የተሰካውን ካርድ፣ ቀናችን ማክሰኞ ተብሎ የተጻፈበትን፣ ብዙ አየው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወጤን አይቀምስም። ዘይት የነካውን ነገር አይነካም። እፍኝ ንፍሮውን ይወስድና ግማሹን ለትንንሾቹ ሰጥቶ፣ የቀረውን ደጅ ቆሞ ይበላል። ከስቷል። አሥር ነፍስ አጠገብኩ እያልኩ የምኮራው ሴትዮ፣ ያስቀረሁትን አንዱን ልጅ ማብላት አቃተኝ። ይህን ደብዳቤ ጻፍልኝ ስለው «አንቺው ጻፊላት። አንቺ ካልጻፍሽላት እኔ እጽፍላታለሁ» አለኝ። የሱ ደብዳቤ ከመጣልሽ የኔን ከሱ ጎን አስቀምጪው።

በልጅነታችን ቂጣ ስትቆርሺ ትልቁን ለኔ፣ ትንሹን ላንቺ ነበር የምታደርጊው። ሰሞኑን እሱ ትዝታ አላስተኛኝም።

ወደ ደሴ የሚጭነው ሾፌር ሁሴን ሁለት ጠርሙስ ዘይት ያደርስልሻል። ያንቺ ነው። ከመክፈትሽ በፊት ግን ይህን ደብዳቤ ረሂማ ሁለት ጊዜ ታንብብልሽ። ከዚያ በኋላ ብትደፊውም አልቀየምሽም።

አላህ ሳልህን በደህና ይመልስልሽ፣ ዓይኑን ለማየት ያብቃሽ። አንቺንም ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ለምን ብለሽ ግን አትጠይቂኝ።

በጀርባሽ ያደግሁት
ታናሽ እህትሽ